የስምንተኛው ሳምንት ውሃ

«ማስታወሻ፦ የለም።»

ሉዋም ገብረዮሐንስ ይህችን መስመር ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት እሷም አታውቅም። ፒያሳ፣ ዘወትር በምትቆምበት ካፌ ባንኮኒ ላይ ክርኗን አስደግፋ፣ በእርሳስ የተጻፈችውን ቃል ትክ ብላ ታያለች። ሒሳብ ተቀባይዋ ታዝባ ታዝባ አላስችል ቢላት፣ «ሉዬ፣ ማኪያቶው ካንቺ በፊት ተስፋ ቆረጠ እኮ! ሌላ ይሠራልሽ?» አለቻት። ሉዋም ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ወረቀቷን የማያውቅ ሰው ቢያያት ተራ ቅጽ ናት። የውሃ ናሙና መመዝገቢያ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ጥልቀት፣ የውሃው ሙቀት፣ ከሁሉም በታች ደግሞ «ማስታወሻ» የምትል ጠባብ ቦታ። ወንጪ ሐይቅ ላይ ለምርምሩ ውሃ የሚቀዳው ባለሙያ ቃለአብ እምሩ ይባላል። በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ ጠርሙስ በበረዶ ሣጥን አድርጎ በወሊሶ ሚኒባስ ይልክላታል፤ ቅጹም አብሮ ይመጣል። ቀለሙ በበረዶው ውሃ እንዳይፈስ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ በእርሳስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማስታወሻው «ነፋስ አለ» ይል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት «ነፋስ አለ፤ አንቺ ግን የለሽም» አለ። በአምስተኛው ሳምንት ጽሑፉ ከተሰጠው ቦታ አልፎ የወረቀቱን ጀርባ ሞልቶ ነበር።

ፍቅር መግቢያ ካጣ በመንግሥት ቅጽም ቢሆን ይገባል፤ ምን ይደረግ!

ሉዋም የምታጠናው ነገር ለሰው ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። በሐይቅ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚኖር ኦርጋኒክ ናይትሮጅን አለ። ዓይን አያየውም። ከየት መጣ? ከቅጠል ነው፣ ከዓሣ ነው፣ ወይስ ዓይን ከማያያቸው ከባክቴሪያዎች? እናቷ እንኳ «ልጄ ውሃ ትመረምራለች» ከማለት በቀር ሌላ ገብቷቸው አያውቅም። ቃለአብ ግን ገባው። አንድ ረቡዕ እንዲህ ብሎ ጻፈላት።

«ማስታወሻ፦ አሚኖ አሲድ ግራና ቀኝ አለው ብለሽኛል። ሌላው ፍጡር ሰውነቱን የሚገነባው በግራው ነው፤ ባክቴሪያ ግን ቀኙንም ግድግዳው ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ቀኙ ከተገኘ ባክቴሪያ እዚያ ኖሮ ሞቷል ማለት ነው። አባቴም እንዳንቺ ነው። አንድ እግር ጫማ ብቻ ብትሰጪው፣ ባለቤቱ እንዴት እንደሚራመድ ይነግርሻል።»

ያን ቀን ሉዋም ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ እስኪደርስ ቀን የምትቆጥር ሆነች።

የቃለአብ አባት አቶ እምሩ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጫማ ይጠግናሉ። የሉዋም አባት ደግሞ ፒያሳ ላይ ስመ ጥር ወርቅ ቤት አላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለእናቷ ለወይዘሮ ምብራት ግን ይህች ሩብ ሰዓት ከወንጪም ትርቃለች። «የጫማ ጠጋኝ ልጅ!» ብለው አንድ ቀን ተናግረዋል፤ ደግመው መናገር አላስፈለጋቸውም።

ይህም ሁሉ ሆኖ ነገሩ ደህና ነበር፤ የስምንተኛው ሳምንት ውሃ ውጤት እስኪመጣ ድረስ።

ውጤቱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። በሌሎቹ ጠርሙሶች ሁሉ ያለው ኦርጋኒክ ናይትሮጅን በዚህኛው አሽቆልቁሏል፤ ናይትሬቱ ደግሞ ሽቅብ ወጥቷል። ሉዋም ደጋግማ አየችው። ይህ የሐይቅ ጠባይ አይደለም። የአዲስ አበባ ቧንቧ ውሃ ጠባይ ነው። ይባስ ብላ የሥራ ባልደረባዋ ሰምሃር፣ «ያን ረቡዕ እኮ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ አይቼዋለሁ፤ ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም ነበር» አለቻት። በዚያው ሳምንት ቅጽ ላይ ደግሞ ቃለአብ በገዛ እጁ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ዛሬ አንድ ነገር ላደርግ ነው። ከተሳካ እነግርሻለሁ።»

ምኒልክ አደባባይ ጠርታው የተነጋገሩት እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ።

«ያን ረቡዕ የት ነበርክ?»

«አዲስ አበባ።»

«ውሃውንስ ከየት ቀዳኸው?»

«ከሐይቁ ነዋ! ጎህ ሲቀድ፣ ከአርባ ሜትር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ከባቡሩ የወረዱ ሰዎች በመሃላቸው ሲያልፉ ቃለአብ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«አንድ ነገር ላደርግ ነው ያልከኝ ይህንን ነው? ከቧንቧ ቀድተህ ሐይቅ ነው ብለህ ልታታልለኝ?»

ያኔ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ያየችውን ነገር ንዴት ነው ብላ ነበር። «ሉዋም፣ እኔን እንዲህ አድርገሽ ካሰብሽኝ የምነግርሽ ሌላ ቃል የለኝም» ብሏት ሄደ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሣጥን ውስጥ ያለው ቅጽ ይኸው እጇ ላይ ነው። ማስታወሻ፦ የለም። ዛሬ ዓርብ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ አለቃዋ ዶክተር ዳኒኤል ቃለአብን ጠርተው በማጭበርበር መባረሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊሰጡት ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የያዘ ሰው በየትኛውም ላቦራቶሪ ደጃፍ ዳግመኛ አይቆምም። ደብዳቤው የተመሠረተበትን ሪፖርት ያዘጋጀችው ደግሞ ራሷ ሉዋም ናት። እውነት ከሆነ ተገቢ ነው ትላለች፤ እውነት መሆኑን ግን ልቧ አንድ ቀን እንኳ አልተቀበለላትም።

*

«ጓለይ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳትበዪ ልትነሺ ነው?»

ወይዘሮ ምብራት ልጃቸውን ከሽሮው ማዶ ሆነው ያጠኗታል። ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ጀርባ ባለው ቤታቸው፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው።

«አልራበኝም አደይ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አልራበሽም። ነገ በጠዋት ጸበል አመጣልሻለሁ። ያን ጊዜ የረጨሁሽ ዕለት ፊትሽ እንዴት እንደበራ እኔ ነኝ የማውቀው! እየዘፈንሽ ነበር ሥራ የገባሽው።»

«የቱን ጊዜ?»

«ጸበል አምጥተሽ ፍሪጅ ያስቀመጥሽ ጊዜ ነዋ።»

ሉዋም እጇን ሳትታጠብ ቆመች። «እኔ ጸበል አምጥቼ አላውቅም።»

«እንዴት አላመጣሽም! ነጭ ጠርሙስ፣ በፎይል የተጠቀለለ፣ ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ። እንዲህ ተጠንቅቃ የያዘችው ጸበል ቢሆን ነው አልኩ። ሂጂ እያልኩ ስለምንሽ ኖሬ በራስሽ ጊዜ ጊዮርጊስ ደርሰሽ መጣሽ ብዬ አልቅሻለሁ እኮ።»

የስምንተኛው ሳምንት ጠርሙስ ነው። ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ውስጥ መብራት ጠፍቶ፣ ናሙናው እንዳይበላሽባት ለአንድ ሌሊት ወደ ቤት ይዛው መጥታ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ፊቷ ረጥቦ ነቃች፤ እናቷ ሲረጯት የመጀመሪያዋ ስላልሆነ ስቃ ዝም አለች። ያን ዕለት ፊቷ ያበራው ደግሞ በጸበል አልነበረም፤ ቅጹን ደጋግማ አንብባ ስለነበር ነው።

«አደይ፣ ጠርሙሱን ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ! ተኝተሽ ሳለሽ ረጨሁሽ። ቤቱን ረጨሁ፣ የአባትሽን ጫማ ሳይቀር ረጨሁ። ጎድሎ ብታገኚው እንዳትቆጪ ደግሞ ከቧንቧ ሞልቼ፣ ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍኩት። ጸበል ውሃ ቢጨመርበት ጸበልነቱ አይለቀውም፤ ይህን ማን ያጣዋል?»

«ምን ያህል ነበር የጎደለው?» የእናቷን ክንድ ያዘች። «በማርያም አደይ፣ ምን ያህል?»

«ግማሽ ይሆናል።»

ግማሽ!

ሉዋም ቦርሳዋን ገልብጣ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። የስምንተኛው ሳምንት ናይትሮጅን፦ ከሌሎቹ ግማሽ። ገጹን ገለጠች። የቀኙና የግራው ድርሻስ? ከሰባተኛው ሳምንት ጋር አስተያየችው። ከዘጠነኛው ጋር አስተያየችው። አንድ ነው! ነቅነቅ አላለም! ውሃው ሙሉ በሙሉ ከቧንቧ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ቀኝ ከየት ይመጣል? በሐይቁ ጥልቀት ኖረው የሞቱት ባክቴሪያዎች ግማሽ ውሃ ተደፍቶባቸውም ምስክርነታቸውን አልለወጡም። ቃለአብ ሐይቁ ላይ ነበር። ከአርባ ሜትር ቀድቷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህ ቁጥር ዓይኗ ሥር ተቀምጦ እሷ ግን አላነበበችውም፤ ምክንያቱም ሰምሃር «አይቼዋለሁ» ካለቻት ደቂቃ ጀምሮ ፈርዳበታለች።

«አደይ፣ ያ ውሃ ጸበል አልነበረም። ቃለአብ ከወንጪ የላከው ነው። የሐይቅ ውሃ በቧንቧ ውሃ ለውጠሃል ተብሎ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ሊባረር ነው። የከሰስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ምብራት የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ብዙ ነገር ተፈራረቀ። «የእሱ ውሃ?» አሉ በመጨረሻ፣ ሹክ ብለው። «እኔ የረጨሁሽ የእሱን ውሃ ነው?»

«ለምንድን ነው ግን የረጨሽኝ?»

«እሱን ተዪው» ብለው ነጠላቸውን ከወንበሩ አነሡ። «ተነሺ!»

«ወዴት?»

«የሰው ልጅ እንጀራ ዘግቼ ነገ በየትኛው እግሬ ቤተክርስቲያን እገባለሁ? ተነሺ አልኩሽ! ስንት ሰዓት ሆነ?»

ሉዋም እናቷን አቅፋ ሳመቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰች።

*

ዶክተር ዳኒኤል በወጉ የሚናገሩ፣ በወጉ የሚያስነጥሱ ሰው ናቸው። ከሁለት ሳምንት ውጣ ውረድ በኋላ ነጠላ የለበሱ እናት ቢሯቸው ገብተው «ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ሲሏቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ወይዘሮ... ናሙና ቁጥር ስምንትን ምን አደረጉት?»

«ረጨሁት።»

«ረጩት?»

«አባታችን ሆይ ብዬ ነው የረጨሁት። ስንዝር የሚያህል ክፋት አልነበረበትም። ልጁ ንጹሕ ነው። ወንጀለኛ ከፈለጉ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ሉዋም ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቁጥሮቹን በጣቷ አሳየች። ድርሻው እንዳልተነካ፣ መጠኑ ብቻ ለሁለት እንደተከፈለ፣ ቃል ከቃል እየተጋጨባት አስረዳች። ዶክተሩ አንድ ጊዜ አዩ፣ ሁለተኛ አዩ፣ ከዚያ ደብዳቤውን አንሥተው ከመሃል ቀደዱት። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ያለች ይመስል ነበር።

«ግን ዘግይታችኋል» አሉ። «ቃለአብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጣ። ሣጥኑን አስረከበ፣ ሥራውን በፈቃዱ መልቀቁን ነገረኝ፣ ጠብቅ ብለውም አባቴ ጋ ልውረድ ብሎ አልጠበቀም። ይህን ቅጽ ላንቺ ብሏል።»

የአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ቅጽ ነው። ሉዋም ከላይ ያለውን ሁሉ ዘልላ ወደ ታች ወረደች።

«ማስታወሻ፦ ሐይቁ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ያን ረቡዕ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ያየኝ ሰው አልዋሸሽም። ናሙናውን ጎህ ሲቀድ ቀድቼ፣ በሰው መላኩ አላስችል ብሎኝ ራሴ ይዤ መጣሁ። ለዘበኛው ሰጥቼው ወደ አባቴ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ ብነግርሽ አባቴን አሳፍራለሁ፤ ስለዚህ አልነግርሽም። ጠርሙስሽን ያለጓንት ነክቼው አላውቅም፤ ሉዋም፣ ሰው የሚወደውን ነገር በባዶ እጁ ለመንካት ይፈራል። የዛሬው የመጨረሻው ነው። በሚቀጥለው ረቡዕ ሌላ ሰው ይልክልሻል። ነፋስ አለ ብሎ ከጻፈልሽ እመኚው።»

ፊደሎቹ እንባዋ ውስጥ ዋኙ። እንኳን በእርሳስ ጻፈው፤ በቀለም ቢሆን ኖሮ እዚያው በጠፋ ነበር።

*

ከጊዮርጊስ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ሉዋም እንዴት እንደወረደችው አታስታውሰውም። ካልሲና ቻርጀር የሚሸጡትን እየዘለለች፣ ሰው እየገፋች፣ ይቅርታ እያለች ሮጠች። ከኋላዋ እናቷ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ «ቀስ በይ! ደግሞ እሱ ሳይገኝ እግርሽን እንዳትሰብሪው!» እያሉ ይከተሏታል። አንዱ አራዳ መንገድ ለቅቆላቸው «እማማ፣ ሰርጉ የት ነው?» ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ ምብራት አልመለሱለትም።

አቶ እምሩ ከድልድዩ አጠገብ፣ በተለመደችው ጥላቸው ሥር ተቀምጠዋል። ቃለአብ ሻንጣውን በትከሻው አንግቶ አጠገባቸው ቆሟል። ሲያያት ፊቱ መጀመሪያ በራ፤ ከዚያ እንደበራ ትዝ ሲለው መልሶ አጠፋው።

«ቃለአብ!» ትንፋሿ አጠረ። «ውሃው የሐይቅ ነው! ግማሹ የሐይቅ ነው! ቀኙ አለ፣ አልጠፋም፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው!»

«ምን እያልሽ ነው?»

«አልዋሸህም እያልኩ ነው! አደይ ጸበል መስሏት ረጭታው፣ የጎደለውን ከቧንቧ ሞልታው ነው። ቁጥሩ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ጠብታ ውሃ ውስጥ የሞተ ባክቴሪያ አምኜ አንተን ቆመህ ሳለህ አላመንኩህም። ስደበኝ። የፈለግከውን በለኝ። ብቻ ዝም አትበለኝ፤ የለም ብለህ አትጻፍልኝ!»

ቃለአብ ሻንጣው ከትከሻው ተንሸራትቶ ሲወድቅ አላወቀውም። የተናገሩት አባቱ ናቸው።

«ልጄ፣ ያን ረቡዕ እኔ ጋ ነው የመጣው» አሉ አቶ እምሩ፣ ወስፌያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው። «አባባ፣ ሽማግሌ ላክልኝ ብሎ። ወዴት ብለው፣ ወርቅ ቤቱ፣ ወደ አቶ ገብረዮሐንስ አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የጫማ ጠጋኝ ሽማግሌ ከዚያ ደጃፍ ተዋርዶ ሲመለስ ማየት አልቻልኩም። እሱም ገመናዬን ሸፍኖ ይኸው ሥራውን አጣ።»

ሉዋም አፏን በእጇ ያዘች። ዛሬ አንድ ነገር ላደርግ ነው። ከተሳካ እነግርሻለሁ። ይህን ነበር! ይህን ነበር ያላት!

ወይዘሮ ምብራት ደርሰው፣ እያለከለኩ፣ ሁሉንም ሰምተዋል። አቶ እምሩ ሊነሡላቸው ሲሉ በእጃቸው አስቀሯቸው።

«ይቀመጡ አቶ እምሩ። መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ቃለአብን። «ለምን ረጨሽኝ ብለሽኝ ነበር። ልንገርሽ። ይህ ልጅ ከልብሽ እንዲወጣ ብዬ ነው የረጨሁሽ። ሦስት ጊዜ፣ ስሙን እየጠራሁ፣ ይውጣ እያልኩ።» ሳቅ ቀደማቸው። «የረጨሁሽ ግን ራሱ የቀዳውን ውሃ! እኔ ላስወጣው፣ በገዛ እጄ አስገባሁት። ከዚህ ወዲያ ከእግዚአብሔር ጋር ክርክር ልግጠም?»

አቶ እምሩ ወስፌያቸውን ከጭናቸው አንሥተው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

«እሁድ ሽማግሌ ይላኩ» አሉ ወይዘሮ ምብራት። «ባለቤቴን ለኔ ይተዉት። ደጃፉን ያውቁታል።»

«አደይ!» አለች ሉዋም።

«ምን አደይ አደይ ትያለሽ፣ ልጁን አናግሪው እንጂ! አይታይሽም፣ ቆሞ ደርቋል!»

ሉዋም ከቦርሳዋ የጠዋቱን ቅጽ አወጣች፤ እርሳሷን አወጣች። ወረቀቱን በአቶ እምሩ የጫማ ሣጥን ላይ አስደግፋ አጎነበሰች። «ማስታወሻ፦ የለም» ከሚለው ላይ የመጨረሻውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከአጠገቡም «አለ» ብላ ጻፈችና ለቃለአብ ሰጠችው።

ቃለአብ አነበበው። ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ ያለጓንት፣ እየፈራ፤ እሷም ያዘችው።